የኮሶ ሻጭ ልጅ ወይስ የሰሎሞን ዘር? የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ ሐረግ ሲመረመር

በ1839 ዓ.ም. የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ ወደ ደምቢያ ዘመቱ። የተላኩት የሸፈተውን የቋራውን ካሣን ይዘው እንዲመጡ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው ደጃዝማቹ ከመዝመታቸው በፊት በመኳንንቱ ፊት ፎከሩ፤ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስረው እንደሚያመጡትም ቃል ገቡ። ውጊያው ሲያበቃ ግን የተያዙት ራሳቸው ሆኑ። ካሣም ስድቡን አልረሳምና ለምርኮኛው ኮሶ አስቀርቦ አስጠጣቸው ይባላል፤ እናቱ ገበያ አውጥታ ሳይሸጥላት የተመለሰ ኮሶ ነው በሚል ምጸት።

ከዚህ ድል ስምንት ዓመት በኋላ ያው ሰው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ስለ ትውልዱ ሌላ ነገር ይነገር ጀመር፤ ንጉሡ የዳዊትና የሰሎሞን ዘር ናቸው ተባለ። አንዱ ወሬ ከገበያ ጥግ ያስቀምጣቸዋል፤ ሌላው ከኢየሩሳሌም ዙፋን ያወርዳቸዋል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይነገራሉ። ሁለቱም መመርመር ያስፈልጋቸዋል።

በመጀመሪያ ብዙ ክርክር የሌለበትን ማስቀመጥ ይገባል። ካሣ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። የአባቱ ወገን የቋራና የደምቢያ ገዥ ቤተሰብ ነው። በዘመኑ የደምቢያ ታላቅ ሹም የነበሩት ደጃዝማች ማሩ የካሣ ዘመድ ናቸው፤ ግዛታቸውም ከእርሳቸው በኋላ ሳይቀር የማሩ ቀመስ ሲባል ኖሯል። አባትና እናቱ ተለያይተው ካሣ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ወደ ጎንደር ይዘውት ሄዱ። ትምህርቱንም በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ጀመረ። ደጃዝማች ማሩ በ1820 ዓ.ም. በኮሶ በር ጦርነት ከሞቱ በኋላ አገሩ ታወከ፤ ያ ደብርም ተወረረ። ካሣ ከጥፋቱ አምልጦ ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ተጠጋ። ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በምዕራቡ ወሰን የግብፅን ጦር ድል ያደረጉ ጀግና ናቸው። ካሣ የጦር ሙያን የተማረው በእርሳቸው ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ደጃዝማች ክንፉን ከጸሐፍት አንዳንዶቹ የካሣ ወንድም፣ ሌሎቹ ደግሞ አጎት ያደርጓቸዋል። እንዲህ ያለ ስመ ጥር ሰው ዝምድና በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ከተምታታ፣ አሥርና ሃያ ትውልድ ወደ ኋላ የሚቆጠር ሐረግ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያዳግትም።

ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. አረፉ። ግዛታቸው ውሎ አድሮ ወደ እቴጌ መነን እጅ ገባ። ካሣም በቋራ በረሃ ሸፈተ። የየጁ መሳፍንት በጦር ሊያጠፉት ባለመቻላቸው ሊያባብሉት ሞከሩ፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ግን ክብርን አላመጣለትም። በግቢው ውስጥ እንደ ተራ ሰው መታየቱ አስቆጥቶት እንደገና ሸፈተ። የወንድይራድ ዘመቻና የኮሶው ስድብ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። አበባው ተወቅጦና ተበጥብጦ ለኮሶ ትል መድኃኒት ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ከመኳንንቱ እስከ ገበሬው ኮሶ ያልጠጣ አልነበረም። መድኃኒቱ ለሁሉም ቢያስፈልግም ገበያ ላይ ዘርግቶ መሸጡ ግን የድኻ ሴት ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አንድን ሰው የኮሶ ሻጭ ልጅ ማለት ዘር የለህም፣ ከጌቶች ጋር ልትቀመጥ አይገባህም ማለት ነው።

የትውልድ ታሪክን የሚመረምር ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። ነገሩን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? የተናገረው መቼ ነው? በመነገሩስ የሚጠቀመው ማን ነው? የኮሶው ወሬ በእነዚህ ሲመዘን ብዙም አይጸናም። ያስወሩት የካሣ ጠላቶች ናቸው። የወራውም ካሣ ለግዛታቸው አስጊ በሆነበት ጊዜ ነው። ተጠቃሚዎቹም ከእርሱ ጋር የሚዋጉት መሳፍንት ነበሩ። በአንጻሩ የአባቱ ወገን ገዥዎች እንደነበሩ ወዳጅም ጠላትም ያውቀዋል።

ደግሞም ወይዘሮ አትጠገብ ከባላቸው ተለይተው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠው ቢሆን እንኳ፣ ይህ የኑሮአቸውን ሁኔታ እንጂ የዘራቸውን ምንጭ አይናገርም። ድህነትና የትውልድ ሐረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ የአያቱን ስም ከታሪኩ የሰረዘው ያች አያት ድኻ ስለነበረች ብቻ ነው፤ በዚህም እውነተኛውን ሐረግ በገዛ እጁ ቆርጦታል።

የከፍታው ወሬ ደግሞ ከዚህ ባላነሰ ጥንቃቄ መታየት አለበት። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥት የሚባለው በጎንደር ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሥልጣን ያልነበረው ሰው ነበር። ኃይሉ በራሶች እጅ ነው። የየጁ መሳፍንት ነገሥታቱን ያነግሡና ይሽሩ ነበር እንጂ ዘውዱን በራሳቸው ላይ አልጫኑም፤ ዘውድ የሰሎሞን ዘር ነው ለሚባለው ብቻ የተገባ ነው የሚለው እምነት ከጦር ይልቅ ጠንካራ ነበርና። ይህን ግድግዳ ያፈረሰው ካሣ ነው። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ አሊን ድል አደረገ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ።

በዚያ ቀን የተመረጠው ስም ብዙ ይናገራል። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ፣ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት አለ። አዲሱ ንጉሥ ሥልጣናቸውን በመጀመሪያ ያቆሙት በትንቢትና በድል ላይ እንጂ በአያት ቆጠራ ላይ አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት የሰሎሞን ዘርነት ነገር በንግሥናቸው መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ነው፤ እየጎላ የመጣው በኋለኞቹ ዓመታት ነው። ሐረጉም በዐፄ ፋሲለደስ በኩል፣ በሴት ልጅ መስመር ይቆጠር ጀመር።

እዚህም ሦስቱ ጥያቄዎች ይመለሳሉ። ነገሩ የጎላው መቼ ነው? በየአውራጃው ዐመፅ በተነሣበት ጊዜ ነው። ተቀናቃኞቻቸው ከጦር ሌላ የዘር መሣሪያ ነበራቸው። ከዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ የሚቆጠረው የሸዋው ነገሥታት ቤት ወራሽ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በገዛ ቤታቸውም ቢሆን የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ባላቸውን በትውልድ ዝቅ አድርገው ያዩ ነበር ይባላል። እንዲህ በተከበበ ንጉሥ ዘንድ የሰሎሞን ስም ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበረ ግልጽ ነው። አስፈላጊነቱ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሐሰት ነው ማለትም አይደለም።

የሚረዳው ቀላል ስሌት ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ያረፉት በ1660 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ ካሣ ልደት 150 ዓመት ያህል አለ። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢታሰብ በመካከል አምስት ወይም ስድስት ትውልድ ይገባል። ስለዚህ ሐረጉን የሚቆጥር ሰው የእያንዳንዱን ስም፣ የኖረበትን አገርና ዘመን፣ ማንን እንዳገባ ማሳየት ይጠበቅበታል። ሁለት ስም ጠርቶ ከንጉሡ የሚደርስ ቈጣሪ ትውልድ ዘሏል፤ አሥራ ሁለት የሚጠራም ጨምሯል።

ሌላም ስሌት አለ። ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 128 ይደርሳል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ከንጉሥ ቤት የወጣች ሴት መገኘቷ፣ በተለይ እርስ በርሱ በሚጋባ የመኳንንት ወገን ውስጥ፣ እምብዛም አያስደንቅም። የሴቶች ስም ግን በዜና መዋዕልም ሆነ በመዝገብ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በሴት መስመር የሚቀርብ ሐረግ ለመናገር ቀላል፣ ለማስረዳት ከባድ፣ ለማፍረስም ከባድ ይሆናል። የዐፄ ቴዎድሮስ ሐረግ የሚገኘው በዚህ ቦታ ነው።

ንጉሡ ራሳቸውም ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ላይ ይዘው የኖሩ ይመስላሉ። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ የቀደሙትን ነገሥታት አባቶቼ ብለው ጠርተዋል። በዚያው ደብዳቤ ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ ለዚህ እንዳበቃቸው ገልጸዋል። የነገሥታት ልጅነትንና ከትቢያ መነሣትን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈራቸው የዘመኑን ጭንቀት ያሳያል።

ይህን ጉዳይ የሚመረምር ሰው ማስረጃ የሚፈልገው ከወሬ ባሻገር ነው። ዜና መዋዕል መጀመሪያ የሚከፈት መዝገብ ነው። የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል የተጻፈው ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ነው፤ የአለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ከሞታቸው በኋላ ነው። በሕያው ንጉሥ ዘመን የጻፈና ከሞቱ በኋላ የጻፈ ሰው የሚፈራውም የሚደፍረውም አንድ ስላልሆነ ሁለቱን ማስተያየት ያሻል። ከዚያ ቀጥሎ የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። በጎንደርና በአካባቢው የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ በወንጌልና በሌሎች ብራናዎች ኅዳግ ላይ ይመዘገብ ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደወረሰ ያለ ፉከራ የተጻፈው በዚያ ነው።

ታሪክ ደግሞ የራሱ ምጸት አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ። በመቅደላ የተከማቸው ብራና ወደ ሺህ ይጠጋ ነበር። ምሽጉ ሲወድቅ 350 ያህሉ በእንግሊዝ ጦር ተወስዶ ለንደን ገባ። የጎንደር ቤተሰቦች ሐረግ የተጻፈበት ኅዳግ ከባለቤቶቹ የራቀው እንዲህ ነው።

ነገሩ የነገሥታት ብቻ አይደለም። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች ገበሬው መሬት የሚያገኘው በእናቱም በአባቱም በኩል ዘር ቆጥሮ፣ ከአቅኚው አባት መወለዱን በሽማግሌ ፊት አስረድቶ ነበር። አንድ ስም ማጣት እርሻ ማጣት ነው፤ አንድ ስም መጨመር የሌላውን እርሻ መውሰድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት እስኪያስቀር ድረስ ስንት ወንድማማች በዘር ቆጠራ ተካስሷል፤ ስንቱስ ደም ተቃብቷል። ብልህ ሽማግሌዎች ለተከራካሪው አንደበት ብቻ አይፈርዱም ነበር። ከጥቅሙ ውጭ የሆነ ምስክር ይጠይቃሉ፤ የተጋቢዎቹን መንደር፣ የተቀበሩበትን ደብር፣ ድንበርተኛውን ያጣራሉ። ዛሬም የቤተሰቡን ታሪክ ለልጆቹ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም። ከራሱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቁጠር እንጂ ከታላቅ ሰው ተነሥቶ ወደ ራሱ አይውረድ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ በፊት፣ ሠራዊታቸው በእሮጌ ሜዳ ከተሸነፈ በኋላ፣ ለእንግሊዙ የጦር አዛዥ ለናፒየር ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዚያ ደብዳቤ ራሳቸውን የጠሩት በትንቢቱ ስም አልነበረም። በክርስቶስ የሚታመን ካሣ ብለው ነው የጀመሩት። የዘውዱ ቀን ሲመሽ የቀረላቸው በቋራ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበር፤ ያን ስም ደግሞ ወዳጅም ጠላትም ሊጠራጠርባቸው አልቻለም።