ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን፤ ስደተኛው የመዝሙር ደራሲ

መዝሙር ሲነሣ ቃሉን የጻፈውን ባለቅኔ እናመሰግናለን፤ ዜማውን የደረሰውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያንን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልጽፍ ወደድሁ።

ሙሴ ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1887 በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአይንታብ ከተማ ከአርመን ወገን ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመኖች ላይ ታላቅ እልቂት ወርዶ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ የተረፈውም አገሩን ለቆ ተበተነ። ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠጉ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ የእነዚህን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሰምተው ስለ ተደነቁ፣ አርባውን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ። ልጆቹም በዚያው ዓመት በወርኃ ጳጉሜን ከመምህራቸው ከሙሴ ኬቮርክ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። አርባ ልጆች ተብለው የታወቁት እነርሱ ናቸው። የደንብ ልብስ ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ይዘው የተነሡትን አሮጌ ፎቶግራፍ በተመለከትሁ ቁጥር፣ በእኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች እናት አባታቸውን አጥተው በሰው አገር እንዴት ጸንተው እንደ ቆሙ ያስደንቀኛል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ሙሴ ኬቮርክ ማርሽ ተፈሪ የተባለውን ዜማ ደረሱ፤ ቃሉንም ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉለት። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የአገራችን ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ደራሲው ከዚህ በቀር ለቴአትር የሚሆን ሙዚቃ ደርሰዋል፤ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችንም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፉ።

ሥራቸው ግን አልተቋረጠም። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ከልደታ ሰፈራችን ብዙም በማይርቀው፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት ሙዚቃን እየመሩና እያስተማሩ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል።

መዝሙሩ ዛሬ አይዘመርም፤ መንግሥት ሲለወጥ መዝሙርም ይለወጣልና። የመምህር ሥራ ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አገሩን የተቀማ ሰው ለሌላ አገር ብሔራዊ መዝሙር ማበርከቱን እናስብ። ባዶ እጁን መጥቶ በራችንን የሚያንኳኳ እንግዳም በልቡ ምን ሀብት እንደ ያዘ ሳናውቅ አንናቀው።