ልዕልት ፀሐይና የምጥ ነገር

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ለንደን ውስጥ በሆስፒታል አገለገሉ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ስታነጥፍ፣ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አገር ነጻ ሲወጣ ተመልሰው፣ በኋላ ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተው ወለጋ ሄዱ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ገና የ22 ዓመት ሴት ነበሩ። ልዕልትነቱም ነርስነቱም አላዳናቸውም።

በስማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን አዋላጆች ሊያስተምሩ የመጡት እዚያው ነው። ቀናት በፈጀ ምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከሰው የተገለሉ የፊስቱላ ታማሚዎችንም እዚያ አገኙ፤ ማከምም ጀመሩ።

በእኛ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ምጥ ሁለተኛ ቀን ሲይዝ እንኳ የሴት ዕጣ ነው፣ ትቻለው የሚል አይጠፋም። በቃሬዛ ተጉዛ ጤና ጣቢያ የደረሰችውም ስትጮኽ የምትገሠጽበት ጊዜ አለ፤ ወንድ እግሩ ተሰብሮ ቢጮኽ ማን ይገሥጸዋል? ጩኸቷ ግን ለአዋላጇ ምልክት ነው፤ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መጠየቅ ይገባል።

ሽንት የሚያመልጣት እህት በሰፈራችሁ ካለች፣ ለእኛ ቅርቡ የሐምሊን ማዕከል ባሕር ዳር ነው። ሕክምናው በነጻ ነው።