የማይነጥፈው ባሕር ጠበቃ

ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊን አብዛኞቻችን የምናውቀው በዳርዊን ጠበቃነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ኦክስፎርድ ላይ ከአንድ ጳጳስ ጋር ስለ ዝግመተ ለውጥ ያደረገው ሙግት እስከ ዛሬ ይወራል። ስለ ዓሣ ያደረገው ሙግት ግን ብዙም አይነሳም። እኔን፣ ሕግ የተማርኩትን ሰው፣ ይበልጥ የሚስበኝ ይኼኛው ነው። ሕግ ሆኖ የወጣው እሱ ነውና።

ሀክስሊ በ1825 ለንደን አጠገብ ኢሊንግ በምትባል መንደር፣ ከሥጋ መሸጫ በላይ ባለ ቤት ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሕክምናን እንደምንም ተምሮ በ21 ዓመቱ በአንዲት የጦር መርከብ ላይ ረዳት ሐኪም ሆነና ወደ አውስትራሊያ ባሕሮች ተጓዘ። በአራት ዓመቱ ሲመለስ ስለ ባሕር ፍጥረታት የጻፈው ጥናት ዝናን አተረፈለት።

በ1863 የእንግሊዝ መንግሥት ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሀክስሊ አንዱ ነበር። በመንጠቆ የሚያጠምዱት አስጋሪዎች ከባድ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ እየጎተቱ የሚያጠምዱትን ከሰው ነበር። መረቡ ያልደረሰውን ዓሣ ሳይቀር ጠርጎ ይጨርሳል ባዮች ናቸው። ኮሚሽኑ ወደብ ለወደብ ዞሮ ከ60 ሺሕ በላይ ጥያቄዎችን ጠየቀ። በ1866 ባወጣው ሪፖርት አቤቱታው አልተረጋገጠም፣ ለገበያ የሚቀርበው ዓሣም እየጨመረ ነው፣ ስለዚህ በባሕር ማስገር ላይ ያሉት ገደቦች ይነሱ አለ። በ1868 የወጣው ሕግም በርካታ የቆዩ ገደቦችን ሻረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ ነበር? በመንጠቆ አስጋሪዎቹ ላይ። ማስረጃቸው ደግሞ ዓይናቸው ብቻ ነው። በእንግሊዝ ወደቦች የሚራገፈውን ዓሣ በቋሚነት መመዝገብ የተጀመረው በ1880ዎቹ አጋማሽ ነውና፣ ማንም ባልያዘው መዝገብ አስረዱ ተብለው ረቱ ወይም ተረቱ ማለት ያስቸግራል። የገበያው ዓሣ መብዛት የባሕሩን ዓሣ መብዛት አያሳይም። መርከቦቹ በዝተው፣ ርቀውም ሄደው ሊሆን ይችላል።

ሀክስሊ በ1881 የዓሣ ሀብት ኢንስፔክተር ሆኖ ተሾመ። በ1883 ለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዓሣ ኤግዚቢሽን ላይ ያደረገው ንግግር ግን ከሹመቱ ይበልጥ ስሙን ከዓሣ ጋር አቆራኘው። የኮድ፣ የሄሪንግና የመሳሰሉት ዓሦች ሀብት አይነጥፍም አለ። በኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች አጠገብ አንድ ካሬ ማይል የሸፈነ የኮድ መንጋ 120 ሚሊዮን ዓሣ እንደሚይዝ አስልቶ፣ የሰው ልጅ የሚያጠምደው ከዚህ አንጻር ኢምንት ነው ሲል ተከራከረ። ዓሣው ቢመናመን እንኳ ማስገሩ አላዋጣ ብሎ በራሱ ጊዜ ይገታል የሚልም እምነት ነበረው።

ሰውየው ለመርከብ ባለቤቶች ያደረ አልነበረም። እያንዳንዱ የዓሣ ሕግ አዲስ ወንጀል ይፈጥራል፤ ጥሮ ግሮ የሚያድረውን ምስኪን አስጋሪም ለመቀጮና ለእስር ይዳርጋል ብሎ አስጠንቅቋል። ይህን ክርክር ዛሬም ሕግ አውጪዎች ቢሰሙት እወዳለሁ። በወንዝ ያለው ሳልሞንና በዳርቻ የሚገኘው ኦይስተር ሊያልቁ እንደሚችሉም አልካደም። አይነጥፍም ያለውም በዚያን ጊዜ የማስገሪያ ዘዴ ልክ ነበር። ይህች ቅድመ ሁኔታ ግን ከንግግሩ ጋር ብዙ አልተጓዘችም። በእንፋሎት የሚሠሩ ጎታች መርከቦች ከ1881 ጀምሮ በግሪምስቢ ወደብ ብቅ ብለው ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዘዴው ሌላ ሆነ።

በዚያው ኤግዚቢሽን ሬይ ላንኬስተር የተባለው ሳይንቲስት ተቃራኒውን ተናገረ። ዓሣውም አጥማጁም የሰሜን ባሕር ኑሮ አካል ናቸው፣ ከመካከል አንዱን ያለ ልክ ካነሱት ሚዛኑ ይፋለሳል የሚል መንፈስ ያለው ክርክር ነበር። በአስጋሪዎቹ ግፊት የተቋቋመ አዲስ ኮሚሽን ጉዳዩን እንደገና አየ። ሀክስሊ አባል ሆኖ ቢጀምርም ጤናው ስለታወከ ተወው። በ1885 የስኮትላንድ የዓሣ ሀብት ቦርድ በዳርቻ ውኃዎች ጎታች መረብን የመከልከል ሥልጣን አገኘ።

ሀክስሊ በ1895 አረፈ። አይነጥፍም ካላቸው ዓሦች አንዱን፣ ኮድን፣ ካናዳ በኒውፋውንድላንድ በ1992 ማጥመድ አገደች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥራ ውጭ ሆኑ። እገዳው የተነሳው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ያውም በትንሽ ኮታ ነው።

ሀክስሊ በ1884 የተመሠረተው የብሪታንያ የባሕር ባዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበር። በ1900 የዚያው ማኅበር መጽሔት የዋልተር ጋርስታንግን ጥናት አወጣ። ጥናቱ ከ1889 እስከ 1898 የእንግሊዝ መርከቦች የማጥመድ አቅም በብዙ አድጎ ሳለ፣ በአንድ መርከብ ልክ የሚደርሰው ዓሣ ወደ ግማሽ ገደማ መውረዱን በቁጥር አሳየ። መዝገቡ በመጨረሻ ተገኝቶ ነበር።