የግብር አስገቢው ሚዛንና የኬሚስትሪ እኩልዮሽ

ኬሚስትሪ መማር የጀመረ ተማሪን ከሚያስቸግሩት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ የኬሚካል እኩልዮሽን ማመጣጠን ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሰጡ ከቀስቱ በስተግራ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይጻፋሉ፤ በስተቀኝ ግን አንድ ብቻ ይገኛል። ተማሪው ከውሃው ፊት 2 ቁጥርን ሲያስቀምጥ ኦክስጅኑ ይሟላል። በዚህ ጊዜ ሃይድሮጅኑ ስለሚጎድል በስተግራ ከሃይድሮጅን ፊትም 2 ይጽፋል፤ በሁለቱም ወገን 4 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች ይሆናሉ። በውሃው ቀመር ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቁጥር መነካካት ግን አይፈቀድም። ለኦክስጅኑም ትንሽ 2 ቢጨመርለት የሚገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ሌላ ውህድ እንጂ ውሃ አይደለም። ሒሳቡ እንዲገጥም ተብሎ ደረሰኝ እንደማይደለዝ ሁሉ፣ እኩልዮሹ እንዲመጣጠን ተብሎም ቀመር አይለወጥም።

ንጽጽሩ ያለ ምክንያት የቀረበ አይደለም። ለዚህ ትምህርት መሠረት የጣሉት ፈረንሳዊው አንትዋን ሎራን ላቯዚዬ በሙያቸው የሕግ ምሩቅ፣ በሥራቸውም ግብር አስገቢ ነበሩ።

ላቯዚዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1743 በፓሪስ ተወለዱ። በ1768 ገና በ24 ዓመት ዕድሜያቸው የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ። በዚያው ዓመት ፌርም ዤኔራል በተባለው ድርጅት ውስጥ ድርሻ ገዙ። ይህ ድርጅት ለንጉሡ አስቀድሞ ገንዘብ እየከፈለ በጨው፣ በትምባሆና ወደ ፓሪስ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የተጣለውን ግብር በኮንትራት የሚሰበስብ የባለሀብቶች ማኅበር ሲሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተጠላ ነበር። በ1771 ላቯዚዬ የማኅበሩ ባልደረባ የነበሩትን የዣክ ፖልዝን ልጅ ማሪ አንን አገቡ። ሙሽራይቱ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ከጊዜ በኋላ እንግሊዝኛ ተምራ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን ለባሏ የተረጎመችው፣ የቤተ ሙከራ መዝገቡን የያዘችውና የመጽሐፉን ሥዕሎች የሠራችው እርሷ ናት።

በ1775 መንግሥት የባሩድ አስተዳደር ኃላፊዎች አንዱ አድርጎ ሲሾማቸው ላቯዚዬ መኖሪያቸውንና ቤተ ሙከራቸውን ወደ ፓሪስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አዛወሩ። ቀኑን በመንግሥትና በግብር ሥራ ያሳልፋሉ፤ ለሳይንስ የተረፈው ጊዜ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ ያለው ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ለሙከራ ብቻ ይለያል።

የሙከራቸው ዋና መሣሪያ ሚዛን ነበር። በዚያ ዘመን ውሃ በተደጋጋሚ ሲፈላ ወደ አፈርነት ይለወጣል የሚል እምነት ነበር፤ ከብልቃጡ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ እንደ ማስረጃ ይቀርብ ነበርና። ላቯዚዬ በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ውሃን ለ101 ቀናት አፈሉ። ከዚያም ውሃውን፣ ብልቃጡንና ዝቃጩን ለየብቻ መዘኑ። ውሃው ምንም አልጎደለም። የጎደለው ብልቃጡ ነበር፤ ዝቃጩም ከመስታወቱ የሟሸሸ መሆኑ ታወቀ። በ1774 ደግሞ ቆርቆሮን በታሸገ ብልቃጥ አሞቁ። ቆርቆሮው ወደ ዱቄትነት ቢለወጥም የጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም፤ ብልቃጡ ሲከፈት ግን አየር ገባና ክብደቱ ጨመረ። ብረቱ ሲቃጠል የሚከብደው ከአየር አንዳች ነገር ስለሚወስድ መሆኑን ላቯዚዬ ከዚህ ተረዱ። ይህንኑ የአየር ክፍል በኋላ ኦክስጅን ብለው ሰየሙት። ጋዙን ቀደም ብለው ለይተው ያገኙት ስዊድናዊው ሼለና እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም።

በ1789 በታተመው የኬሚስትሪ መጽሐፋቸው ስለ ወይን መፍላት በጻፉት ምዕራፍ ላይ አሳባቸው ሙሉ መልክ ያዘ። በማናቸውም ሂደት ከመጀመሪያው በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለው የቁስ መጠን እኩል መሆኑን ገልጸው፣ የወይን ጭማቂውን በአንድ ወገን፣ ከእርሱ የሚገኙትን ካርቦን ዳይኦክሳይድና አልኮልን በሌላው ወገን አድርገው በእኩል ምልክት አገናኟቸው። ተማሪዎች ዛሬ የሚጽፉት እኩልዮሽ የቅርብ ቅድመ አያት ይህ ነው። ቁጥሮቻቸው ግን ሁሉም ትክክል አልነበሩም። ለምሳሌ በስኳር ውስጥ ያለውን ካርቦን ከመቶ 28 አድርገው ሲያሰሉ ትክክለኛው 42 ገደማ ነው። መርሑ ከልኬቱ ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል። አቶሞችን በፊደልና በቁጥር የሚያመለክተው አጻጻፍም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ላቯዚዬ አዲሱ መንግሥት ባቋቋመው የመለኪያዎች ማሻሻያ ሥራ ላይ ተሳተፉ። ይሁን እንጂ በፓሪስ ዙሪያ ለግብር ቁጥጥር የተሠራው ግንብ የእርሳቸው አሳብ እንደነበር ሕዝቡ አልረሳም። የአብዮቱ ጋዜጠኛ ማራም ይህንኑ እያነሳ በጽሑፉ ከሰሳቸው። ፌርም ዤኔራል በ1791 ፈርሶ ስለነበር የቀድሞ ባለድርሻዎቹ ሒሳባቸውን ዘግተው እንዲያስረክቡ ተጠየቁ። ሥራው በመዘግየቱ በኅዳር 1793 ታሰሩ፤ ሒሳቡን ያዘጋጁትም በእስር ላይ ሆነው ነው። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ በትምባሆ ላይ ከልክ ያለፈ ውሃ በመጨመር ክብደቱን አብዝተዋል የሚል ነበር። ውሃን በመመዘን ስማቸውን ላስጠሩት ሰው ይህ ምን ያህል መራራ ክስ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ችሎቱ ግንቦት 8 ቀን 1794 ተሰየመ፤ ፍርዱም በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ላቯዚዬ ከአማታቸው ከፖልዝና ከሌሎች 26 ባልደረቦቻቸው ጋር በአብዮት አደባባይ በጊሎቲን ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር።

አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ በኋላ መንግሥት ላቯዚዬ ያለ አግባብ መቀጣታቸውን አምኖ የተወረሰውን ንብረት ለባለቤታቸው መለሰ። ማሪ አን ከተመለሱላት ወረቀቶች መካከል ባሏ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲያዘጋጁት የነበረውንና ሳይጨርሱት የቀሩትን የኬሚስትሪ ጥናቶች ስብስብ አሰናዳች። በ1805 ለሽያጭ ሳታቀርብ ለሊቃውንት በነጻ አደለችው።