የራፋኤል ወረቀቶችና ስማቸው የጠፋ እጆች

ቅጂ የሚባል ነገር አልወድም ነበር፡፡ በወጣትነቴ ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁት ንድፍ በአለቃዬ ስም ሲቀርብ አይቻለሁና ቢጠላኝ አይፈረድብኝም፡፡ ሐሳቤን ያስለወጠኝ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል ነው፡፡

ራፋኤል እ.ኤ.አ በ1483 በኡርቢኖ ተወለደ፡፡ እናቱን በ8 ዓመቱ፣ ሠዓሊ አባቱን ደግሞ በ11 ዓመቱ አጣ፡፡ በ1508 ሮም ገብቶ የጳጳሱን ክፍሎች መሳል ጀመረ፡፡ ሥራው ሲበዛ ረዳቶችን ሰብስቦ ትልቅ ወርክሾፕ አቋቋመ፡፡

በ1515 ጳጳስ ሊዮ 10ኛ ለሲስቲን ጸሎት ቤት ታፒስትሪ፣ ማለትም በሽመና የሚሠራ የግድግዳ ሥዕል እንዲነድፍ አዘዙት፡፡ ፈተናው ቀላል አልነበረም፤ ከበላይ ጣሪያው ላይ የማይክል አንጀሎ ሥራ አለ፡፡ ራፋኤልና ረዳቶቹ ብዙ ወረቀት እያጣበቁ የጨርቁን ሙሉ መጠን የያዙ፣ ካርቱን የሚባሉ 10 ንድፎችን በቀለም ሠሩ፡፡ የብራስልስ ሸማኔዎች ካርቱኑን ቆራርጠው ከድሩ ሥር እያደረጉ በጀርባ በኩል ይሸምኑ ስለነበር ግራው ቀኝ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ራፋኤል ሁሉንም ገልብጦ ማሰብ ነበረበት፡፡

ታፒስትሪዎቹ ገና ሳይሰቀሉ ንድፎቹ መቀዳት ጀምረው ነበር፡፡ የአንደኛው ኅትመት በ1516 ወጥቷል፡፡ ሮምን ረግጠው የማያውቁ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ ራፋኤልን የተማሩት ከእንዲህ ዓይነት ቅጂዎች ነው፡፡

የመጀመሪያዎቹ 7 ታፒስትሪዎች በታኅሣሥ 1519 ተሰቀሉ፡፡ ራፋኤል አራት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1520 በ37 ዓመቱ አረፈ፡፡ ወርክሾፑን ለረዳቶቹ ለጁሊዮ ሮማኖና ለጂያንፍራንቸስኮ ፔኒ አወረሰ፡፡

ከካርቱኖቹ 7ቱን በ1623 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ቻርለስ ገዛቸው፡፡ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ፡፡ እኔም ከፊታቸው ቆሜ የተቆረጡበትን መስመር በዓይኔ ፈልጌያለሁ፡፡ ሦስቱ ግን ጠፍተዋል፡፡ መልካቸውን ዛሬ የምናውቀው ሸማኔዎቹ በክር ስለቀዷቸው ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ቅጂን አልንቅም፡፡ በየሙዚየሙ ከራፋኤል የተቀዳ ተብለው የተቀመጡ ወረቀቶች አሉ፡፡ የብዙዎቹ ቀጂ ማን እንደሆነ አይታወቅም፡፡ የያኔው ቅሬታዬ ግን አሁንም አልወጣልኝም፤ የሚከፋው መቅዳቱ ሳይሆን የሠራተኛው ስም መጥፋቱ ነው፡፡ ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ ከወጣቶቹ አንዱ ንድፍ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ ስሙ መኖሩን አያለሁ፡፡