ጄምስ ብሩስና የጎንደር ፈንጣጣ

የጄምስ ብሩስ ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፣ በጎንደር በሽተኛ ያስታመመውን ብሩስን ልናስታውሳችሁ ወደድን።

ብሩስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1730 በስኮትላንድ ተወለደ። ሚስት አግብቶ ጥቂት ወራት እንደ ቈየ በሞት ተለየችው። ከዚያ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፤ በምሥራቅ አገሮች ሲዘዋወርም ጥቂት ሕክምና ተማረ። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ከእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ከቁስቋም ገብቶ ነበር። ብሩስ ለበሽታው መድኃኒት አልነበረውም። ነገር ግን የታፈነውን ክፍል መዝጊያና መስኮት አስከፈተ፤ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ሞተ፤ የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ግን ዳነ።

ታዲያ ክንፉን ያዳነው ምንድን ነው? ቫይረስ በቆዳችን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። በደም የሚዘዋወሩት ፀረ እንግዳ አካላት ደጁን ቢጠብቁም እቤት ውስጥ የገባውን ጠላት ሊይዙት አይችሉም። ይህ የቲ ሕዋሳት ሥራ ነው። እነርሱ ከደረት አጥንት በስተኋላ ባለው ታይመስ በሚባል እጢ ይሠለጥናሉ። የታመመው ሕዋስ የቫይረሱን ቍራጭ በገጹ ላይ ሲያሳይ ለይተው ያውቁታል፤ ቫይረሱ ሳይባዛም ሕዋሱን ይገድሉታል። ከድሉ በኋላ ጥቂቶቹ ጠላታቸውን ሳይረሱ ለብዙ ዘመን ይኖራሉ። ስለዚህ ፈንጣጣ ታሞ የዳነ ሰው ዳግመኛ የሚታመመው ከስንት አንድ ነው። የታይመስ ጥቅም የታወቀው ግን ገና በ1961 ነው።

ብሩስ በ1770 ኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ እንዳየው ግን ሊቀበል አልወደደም። በ1774 ለንደን ሲመለስ ብዙዎች ወሬውን ሐሰት ነው ብለው ሣቁበት። በ1790 ታሪኩን በ5 ቅጽ አሳተመ፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በ1976 በባሌ ነው፤ በ1980ም በሽታው ከዓለም እንደ ጠፋ ታወጀ። ይህም የሆነው ክትባት፣ ቀለል ባለ ዘመድ ቫይረስ አማካይነት፣ እነዚያኑ ወታደሮች አስቀድሞ ስላስተማራቸው ነው። በአያቶቻችን ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ትምህርት ምልክት ነው።

በብሩስ ዘመን ደዌ ከነጋዴና ከጦር ሠራዊት ጋር በእግር ይጓዝ ነበር፤ ዛሬ ከትምህርት ቤታችን በላይ በሚያልፈው በቦሌ አውሮፕላን በአንድ ቀን ይደርሳል። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከብሩስ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ መድኃኒት ባይኖር እንኳ ለበሽተኛ ንጹሕ አየርና ንጽሕና አንንፈገው፤ ክትባት ሲኖር ደግሞ አንዘግይ።