ኢዮአስ፦ ጥቂቶች የወረሱት ስም

በባሕር ዳር ካሉት አጥቢያዎች የአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቢገለጥ ዳዊት፥ ሰሎሞን፥ ሳሙኤል፥ ዳንኤል፥ ኤልያስ የሚባል ወንድም አይጠፋም። ኢያሱም ሞልቷል። ኢዮአስ የሚባለውን ግን እየፈለግን ብንገልጥ ብዙ ገጽ እናልፋለን። ስሙ ጨርሶ ጠፍቷል አንልም፤ ብርቅ ነው ማለታችን ነው። ስለዚህ በዚህ ስም ተጠርተው በጎንደር የነገሡትን የቀዳማዊ ዐፄ ኢዮአስን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። የእኚህ ንጉሥ ቤተ ሰብ ታሪክ ከጣና ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለእኛ ለሐይቁ ዳር ልጆች ሩቅ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። ኢዮአስ በዕብራይስጥ ዮአሽ፥ ሲረዝምም ይሆአሽ ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል የእግዚአብሔር ስም አጭር አጠራር ሲሆን፥ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን እግዚአብሔር ሰጠ ብለው ይፈቱታል። ይኸው የመጀመሪያ ክፍል በኢዮሣፍጥ፥ በኢዮአታም፥ በኢዮኤል፥ በዮሐንስና በዮናታንም ውስጥ ይገኛል። (ኢዮብ ግን መልኩ ቢመሳሰልም ከዚህ ቤተ ሰብ አይደለም፤ የሚያምታቱ ስላሉ ነው ያነሣነው።) የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተመለሰው ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ነው። ግሪክኛ ደግሞ የሸ ድምፅ የለውም። ስለሆነም ዮአሽ በግሪክ ኢዮአስ ሆኖ በዚያው መልኩ ወደ እኛ ገባ።

በዚህ ስም ከሚጠሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች አንዱ የጌዴዎን አባት ነው። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት 11ኛና 12ኛ ምዕራፍ የምናነበው የይሁዳ ንጉሥ ነው። ንጉሥ አካዝያስ በተገደለ ጊዜ እናቱ ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ሁሉ አጥፍታ ራስዋ ነገሠች። ከዚያ እልቂት የተረፈው ሕፃኑ ኢዮአስ ብቻ ነበር፤ አክስቱ ዮሳቤት ሰርቃ ስድስት ዓመት በቤተ መቅደስ ሸሸገችው። በሰባት ዓመቱ ካህኑ ዮዳሄ አነገሠው። ሲያድግ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ አሳደሰ። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ ግን የባለሟሎችን ምክር ሰምቶ ከእግዚአብሔር መንገድ ወጣ፤ ያሳደገውን የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስንም አስገደለ። በመጨረሻ የገዛ አገልጋዮቹ ተማክረው ገደሉት። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ከኢዮራም ቀጥሎ ወደ ዖዝያን ያልፋል፤ በመካከል አካዝያስ፥ ኢዮአስና አሜስያስ ተዘልለዋል። በአሳዛኝ ሁኔታ የሞተና ከሐረጉም የተዘለለ ንጉሥ ስም ለልጅ ቶሎ የማይመረጥ ቢሆን አይደንቅም ብለን እናስባለን።

እንግዲህ ወደ ጎንደር እንሻገር። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር ማስተዳደር ጀመሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ወገናቸው ከቋራ ስለሆነ የቋራ ዘመዶቻቸው፥ ይልቁንም ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል፥ ትልቁን ሹመት ያዙ። እቴጌይቱ ለልጃቸው ለዐፄ ኢያሱ ከኦሮሞ ባላባት ወገን ውቢት የሚባሉትን ወይዘሮ አጋቡ፤ ኢዮአስ የተወለዱት ከእኚህ ናቸው። ዐፄ ኢያሱ በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃኑ ኢዮአስ በዙፋን ተቀመጡ፤ አያታቸውም ለሁለተኛ ጊዜ ሞግዚት ሆኑ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ኢዮአሶች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ነግሠዋል። በይሁዳው ኢዮአስ ላይ ሰይፍ ያነሣችው ግን የገዛ አያቱ ስትሆን፥ የጎንደሩን ኢዮአስ አቅፈው ያሳደጉትና መንግሥቱን ያቆዩላቸው አያታቸው ናቸው። ይህች አንዲት ልዩነት ባትኖር ኖሮ ሕፃኑ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በዙፋን መቆየታቸው ያጠራጥራል።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ደቅ የሄደ ወጣት የእቴጌይቱን እጅ ሥራ በዓይኑ አይቷል። በደቅ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በእመቤታችንና በልጅዋ እግር ሥር ወድቀው ይታያሉ። ናርጋን ያየ ሁሉ ስለ ሥዕሉ ውበት ያወራል፤ እኛ ግን ያችን በግንባርዋ የተደፋች ሴት ስናይ ልጅዋንና የልጅ ልጅዋን ሁለቱንም እንደቀበረች ማሰብ አለብን። ጣና ለዚህ ቤተ ሰብ የጸሎትም የደምም ስፍራ ነበር። የኢዮአስ ቅድመ አያት ቀዳማዊ ኢያሱ ዙፋናቸውን በልጃቸው ተነጥቀው በ1699 ዓ.ም. የተገደሉት በዚሁ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው።

ችግሩ የተነሣው ከሁለቱ ወገኖች ነው። የንጉሡ የእናት ወንድሞች፥ ብራሌና ሉቦ፥ ወደ ጎንደር መጥተው ሹመት ሲቀበሉ የቋራ ሰዎች ተከፉ። በቤተ መንግሥቱ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ይሰማ ነበር የሚል ተጽፏል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በውቢት ወገኖች ላይ ብቻ ይጭናሉ፤ ይህ ትክክል አይመስለንም። የቋራዎቹ ከዚያ በፊት ለራሳቸው ያደረጉትን ነው እነዚህም ለራሳቸው የፈለጉት። ሁለቱንም እንደምንም አስማምተው ያኖሩ የነበሩት ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ፤ እርሳቸው በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ መካከል የሚገባ ጠፋ። እቴጌ ምንትዋብም ወገናቸው እንዳይጠቃ የትግሬውን ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑልን ከነሠራዊታቸው ወደ ጎንደር ጠሩ።

ወጣቱ ንጉሥ የበጌምድርን ግዛት ከያማርያም ባሪያ ወስደው ለአጎታቸው ለብራሌ ለመስጠት ፈለጉ። ያማርያም ባሪያ የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ናቸው፤ ስለዚህ ለኢዮአስ የአክስት ባል መሆናቸው ነው። አልለቅም ብለው በተደረገው ጦርነት ብራሌ ሞቱ። ንጉሡ ከራስ ሚካኤል ጋር ዘምተው ነፋስ መውጫ ላይ ድል አደረጓቸው፤ ያማርያም ባሪያም ሸሽተው በመጨረሻ ሲያዙ ሉቦ የወንድማቸውን ደም ተበቀሉ። ወይዘሮ አስቴር ኋላ ራስ ሚካኤልን አገቡ። ከዚያ ወዲህ በንጉሡና በራሱ መካከል የነበረው ቂም ከቀን ወደ ቀን እየጠነከረ ሄደ።

የመጨረሻው ጠብ በደቡብ በኩል፥ ከእኛ ሐይቅ ወዲህ ያለውን ዳሞትን ይገዛ በነበረው በፋሲል ምክንያት መጣ። ራስ ሚካኤልና ፋሲል አዘዞ ላይ ተዋጉ። ከንጉሡ ቤት በኩል ጥይት ተተኩሶ ራስ ሚካኤልን ስቶ አጠገባቸው የቆመ አገልጋይ ገደለ ተብሎ ተጽፏል፤ የንጉሡም ዘበኞች ከፋሲል ጋር ሲዋጉ ተገኙ። ራስ ሚካኤል ፋሲልን ለማሳደድ ንጉሡ አብረው እንዲዘምቱ ጠየቁ፤ ዐፄ ኢዮአስ እምቢ አሉ። እኛ እንደሚመስለን በሕይወታቸው ሙሉ በአያት፥ በእናት፥ በአጎትና በራስ ሲመሩ የኖሩት ንጉሥ በራሳቸው ፈቃድ ከቆሙባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ያ ነው። ዋጋውም ነፍሳቸው ሆነ። በግንቦት 1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በጨርቅ አሳንቀው አስገደሏቸው። ገና ወጣት ነበሩ፤ ስማቸውን እንደያዙለት የይሁዳ ንጉሥ ሁሉ ሞታቸው ከገዛ ቤታቸው መጣ።

ንጉሠ ነገሥት በሹሙ እጅ በአደባባይ በታወቀ ትእዛዝ ሲሞት ይህ በአገራችን ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን ከዚህች ዕለት ይጀምራሉ፤ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስም ያቆዩታል። በኢዮአስ ፈንታ የተተኩት የበካፋ ወንድም ሽማግሌው ዳግማዊ ዮሐንስ ነበሩ፤ እርሳቸውም ለዘመቻ እሺ ስላላሉ በጥቂት ወራት ውስጥ በመርዝ ሞቱ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የደረሰው ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ሳይቆይ፥ በ1762 ዓ.ም. ነው፤ ወሬውን ከቤተ ሰቡና ከገዳዮቹ ወገን ሰምቶ ጽፎታል። የዚህ ሰው ምስል በናርጋ ሥላሴ በር ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

እቴጌ ምንትዋብ ከዚያ ወዲህ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብለው ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቍስቋም ተቀምጠው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የእርሳቸው፥ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም ባለ መስተዋት ሣጥን ውስጥ በአንድነት ሆኖ እዚያው ቍስቋም ለጎብኚ ይታያል። በዚህ ስም የነገሡ ሌላ አንድ ንጉሥ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም የዐፄ ሕዝቅያስ ልጅ ዳግማዊ ኢዮአስ ሲሆኑ ከ1810 እስከ 1813 ዓ.ም. ሥልጣኑ በየጁው በራስ ጉግሣ እጅ ሳለ በስም ነግሠው አለፉ። ከእርሳቸው በኋላ በአገራችን ኢዮአስ ተብሎ የነገሠ የለም።